አምስት እህት ከተማ ከመፈለጋችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የውጭ ግንኙነት ክፍል ከተመደብኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። የተማርኩት ሌላ ነው። ኃላፊያችን በዚህ በጀት ዓመት አምስት እህት ከተሞች እንድናገኝ ዕቅድ ውስጥ አስገብተዋል። በጀቱ የለም ማለት ይቀላል። በዚያ ላይ የጸጥታው ነገር አለ፤ እንግዳ ብንጋብዝስ ይመጣል ወይ? ደግሞስ የውጭ ጉዳይ የፌዴራል ሥራ አይደለም እንዴ? አንድ የክልል ከተማ በሕዝብ ዲፕሎማሲ በእውነት ከዓለም ጋር መገናኘት ትችላለች? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ትችላለች። አምስቱን በአንድ ዓመት ግን አትችልም፤ ብትችልም አይጠቅማትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንዷን በወጉ ከያዛችኋት ሌላዋ እየሰማች ትመጣለች።

የሕጉን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 8 መሠረት የውጭ ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት መደራደርና ማጽደቅ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። ስለዚህ ከተማሽ ከሌላ መንግሥት ጋር ውል አትዋዋልም። ከሌላ ከተማ ጋር የእህትነት የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ አክሱምም፣ አዳማም አድርገውታል። ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አሳውቂ። ይህን እንደ ልመና አትዪው። እዚያ ያለው ባለሙያ ኤምባሲውን ያውቃል፤ ኤምባሲው ደግሞ የዚያን ከተማ አስተዳደር ያውቃል። አንቺ ለወራት የምትፈልጊውን ስልክ በአንድ ከሰዓት ሊሰጡሽ ይችላሉ። ሰነዱ ውስጥ የገንዘብ ግዴታ፣ የመሬት ጉዳይና የፖለቲካ አቋም አይግባ። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የሕዝብ ዲፕሎማሲ፣ ማለትም ሕዝብ ከሕዝብ ጋር በቀጥታ የሚያደርገው ግንኙነት፣ የሚለውን አብዛኞቻችን የሰማነው በዓባይ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የግብፅ የሕዝብ ልዑክ አዲስ አበባ መጣ። በ2014 መጨረሻ ደግሞ የእኛው ልዑክ ካይሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲነሣ በሰው ዓይን የሚመጣው ትልቅ ልዑክ፣ ነጭ የአገር ልብስና የአውሮፕላን ማረፊያ አቀባበል ነው። ለከተማ የሚሆነው ግን እንደዚያ ያለው አይደለም። የከተማ ሥራ ትንሽ ነው። የውኃ ባለሙያ ከውኃ ባለሙያ፣ መምህር ከመምህር፣ ጀልባ ነጂ ከጀልባ ነጂ ጋር ይተዋወቃል። ከንቲባዎቹ የሚገቡት ኋላ ላይ ለፊርማው ነው።

እኛ ዘንድ የተለመደው ግን ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዜናው ይሠራል። ከዚያ በኋላ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ተብሎ ባለሙያ ይፈለጋል። ባለሙያው ሲገኝ የፈረሙት ሰዎች ተቀይረዋል። ነገሩ የውኃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የቀሩ ሰነዶች ያሉበትን መሳቢያ አይቻለሁ። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ክላሰሩ ግን የሚያምር ነበር።

ባህር ዳር ለውጭ ግንኙነት እንግዳ አይደለችም። ዘመናዊዋን ባህር ዳር ያቆማት እኮ የውጭ ግንኙነት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በ1963 የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የከተማዋን ማስተር ፕላን ያዘጋጁት ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ናቸው። የመምህራን አካዳሚው በ1972 ሲጀመር ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እጃቸው ነበረበት። በአሥራ ምናምን ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ አገር በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ! ግን ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ተወስኖ የመጣ ነው። ባህር ዳር ተቀባይ ነበረች። እዚህ ቁጭ ብሎ «ይህን እንፈልጋለን፣ ይህን ደግሞ እንሰጣለን» ብሎ የጻፈ ሰው አልነበረም። አንቺ የተመደብሽበት ወንበር ያንን የሚጽፍ ሰው ወንበር ነው።

ስለዚህ ከመዝገብ ቤት ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ2004 ባህር ዳር ከአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ጋር እህት ከተማ ሆናለች። ይህን ፋይል አስወጪው። ማን ፈረመ? ምን ተባለ? የመጨረሻው ደብዳቤ መቼ ተጻፈ? ማን ሳይመልስ ቀረ? አዲስ እህት ከመፈለግ በፊት ያለችውን ደጅ ማንኳኳት ይቀድማል። ኃላፊሽም ቢሆኑ «አንዷን አግኝተናል» ብለሽ ስትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል።

ክሊቭላንድን የማነሣት ፋይል ስላለ ብቻ አይደለም። እሷም የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። የምትጠጣው የኤሪ ሐይቅን ውኃ ነው። በመካከሏ የሚያልፈው የካያሆጋ ወንዝ በፋብሪካ ዘይትና ቆሻሻ ተሞልቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1969 በእሳት ተያያዘ። ወንዝ ነደደ! ያኔ ከንቲባው ካርል ስቶክስ ነበሩ፤ ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የአንዱ ከንቲባ ለመሆን የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ናቸው። ነገሩን አልሸፋፈኑም። ጋዜጠኞችን ሰብስበው ቆሻሻው የሚወጣባቸውን ቦታዎች እየዞሩ አሳዩ። ያ እሳት አሜሪካ በ1972 የውኃ ንጽሕና ሕግ እንድታወጣ ከገፋፏት ነገሮች አንዱ ሆነ። ዛሬ ወንዙ ውስጥ ዓሣ ተመልሷል፤ ሐይቁ ግን በየዓመቱ በሙቀታቸው ወራት በአልጌ ይቸገራል። በዚያች ከተማ ይህን ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ መሐንዲሶችና መምህራን አሉ። በባህላዊ የአትክልት ስፍራዎቿ ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ክፍል አለ። በር የሚከፍቱልሽ የአገር ልጆችም አሉ ማለት ነው።

አሁን ደብዳቤውን እንይ። እኛ ዘንድ የተለመደው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «የከተማችንን ታሪክ፣ ባህልና የቱሪዝም ሀብት ለማስተዋወቅ እንዲሁም ሁለንተናዊ የልማት ትብብር ለመመሥረት ያለንን ጽኑ ፍላጎት እየገለጽን…» ይህን የሚያነበው ሰው ምን ያድርግ? ለማን ይምራው? እሱም በትሕትና «እናመሰግናለን» ብሎ ይመልስና ያበቃል።

በእንግሊዝኛ መጻፍሽ አይቀርም። ሐሳቡ ግን እንዲህ ቢሆንስ? «ከተሞቻችን በ2004 እህትማማች ሆነዋል። ሁለታችንም ሐይቅ ዳር ነን። ከሆቴሎችና ከመኖሪያ ሰፈሮች ወደ ጣና የሚገባውን ፍሳሽ በቋሚነት መለካት እንፈልጋለን። ሦስት ጥያቄ አለን። እናንተ በየሳምንቱ የምትለኩት ምን ምን ነው? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ውጤቱን ለነዋሪው የምትነግሩት በምን መንገድ ነው? አንድ የውኃ ባለሙያ ለአንድ ሰዓት በኢንተርኔት ብታገናኙን ደስ ይለናል።» ይህ ደብዳቤ መንገዱን ያውቃል። ከከንቲባው ቢሮ ወደ ውኃ መሥሪያ ቤቱ ይመራል። አንድ ሰው ይቀበለዋል። ያ ሰው ስም አለው፣ ኢሜይል አለው። ግንኙነት የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ያልጀመራችሁትን ጀምረናል ብለሽ አትጻፊ። «እንፈልጋለን» ማለት አያሳፍርም።

መስጠትም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እጃችንን ዘርግተን ብቻ ስለምንቀርብ ሰዎቹ ቶሎ ይደክማሉ። ጣና የሚሰጠው አለው። በሐይቁ ውስጥ ካሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር ተነሥተው ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ዓይነቶች ሆነዋል፤ አንዱ ሌላውን ዓሣ ይበላል፣ ሌላው ከሥር ይለቅማል። የሆላንድ ሳይንቲስቶች ለዓመታት እዚህ ተመላልሰው ያጠኑት ለዚህ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። የክሊቭላንድ የትምህርት ቤት ልጆች ይህን ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አፍ ቢሰሙ አይጠሉም። ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል። ይህንንም ደብዳቤሽ ላይ አንድ መስመር ስጪው፤ የማያውቅሽ ሰው ቶሎ ያምንሻል።

ክሊቭላንድ እስክትመልስ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። ሁለተኛዋ ከተማ ሩቅ አይደለችም፦ ኬንያ ውስጥ ኪሱሙ። እኔ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትይው የምፈልገው ይህችን ነው፤ ምክንያቱም ኪሱሙ ማለት እናንተ ናችሁ። ዋና ከተማ አይደለችም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ናት። ዓሣ አለ፣ ጀልባ አለ፣ እምቦጭ አለ።

እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ገብቷል። በ1990ዎቹ የኪሱሙን ወደብ ዘግቶ ጀልባ አላስወጣ አላስገባ ብሎ ነበር። እነሱ ከእኛ ቢያንስ ሃያ ዓመት ቀድመው ተቸግረዋል። በእጅ ነቅለዋል። በማሽን አጭደዋል። አረሙን የሚበላውን ትንሽ ጢንዚዛ አርብተው ለቀውበታል፤ በዚህም በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙው ቀንሶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ሴቶቹ ከደረቀው ግንድ ቅርጫትና ወንበር ይሠራሉ። የቱ ሠራ፣ የቱ ገንዘብ በላ፣ የቱ ለፎቶ ብቻ ነበር? ይህን የሚነግርሽ ሰው ኪሱሙ ውስጥ አለ። የእኛም ታሪክ ለእነሱ ይጠቅማል። ከመላው አገር ወጣት ተሰብስቦ በእጁ ሲነቅል ያየንበት ዘመን፣ ውጭ ያሉ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ያስመጡበት ጊዜ፣ ኋላም ማሽኑን ማን ይጠግነው፣ ነዳጁን ማን ይሙላው የሚለው ጣጣ። ይህን በግልጽ መነጋገር ለሁለቱም ከተማ ከማንኛውም የባህል ትርዒት ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እምቦጩ የባሰበት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። ባህር ዳር ብቻዋን የሐይቁ ባለቤት ሆና ብትቀርብ ነገሩ ይበላሻል። የጎንደር ወንድሞቻችንን ቀድመሽ አናግሪ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ፉክክር አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ፉክክሩን ለእግር ኳሱ እንተወው። ሐይቁ አንድ ነው፤ ደብዳቤውም በጋራ ቢወጣ ክብደት አለው።

ስለ ኪሱሙ አንድ ነገር ልጨምር። የአፍሪካ ከተሞች ትልቁ ስብሰባ አፍሪሲቲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እንደ አቢጃን፣ ናይሮቢ፣ ዳካር፣ ጆሐንስበርግ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ሲዞር ኖረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ግን ኪሱሙ ላይ ተካሄደ። መካከለኛ ከተማ ስታዘጋጀው የመጀመሪያው ነበር። የስብሰባው ርዕስም የመካከለኛ ከተሞች ድርሻ ነበር። ትንሽነታቸውን አልደበቁም፤ እንዲያውም ርዕስ አደረጉት።

እኛም የጣና ፎረም አለን። እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀመረ፤ አሥረኛው በጥቅምት 2022 እዚሁ ባህር ዳር ተካሄደ። ፕሬዚዳንቶች ያለ ከረባት ተቀምጠው ስለ አፍሪካ ጸጥታ የሚያወሩበት መድረክ ነው። ስሙ የእኛ ነው፣ ሐይቁ የእኛ ነው። ግን የአገራትና የአህጉር ጉዳይ ነው እንጂ የከተማዋ ጉዳይ አይደለም። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ ሆቴል ይገባል፣ ከሆቴል ወጥቶ አውሮፕላን ይሳፈራል። የእናንተ ሥራ ከእንግዶቹ መካከል ሁለት ሰው መያዝ ነው። አንድ የቀድሞ ከንቲባ ወይም አንድ የሐይቅ ተመራማሪ አይጠፋም። ለሁለት ሰዓት ወደ ውኃ ቢሮው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ብትወስዷቸው በጀት አይጠይቅም። ስም ዝርዝሩን ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ ስብሰባው ከተከፈተ በኋላ የሚሰማሽ የለም።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነካው አንድ ሀብት ልንገርሽ፦ ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ሣር። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት፤ ውቅያኖሱ ላይ ተበላሸች። በ1970 ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ሁለተኛዋን «ራ» በኢትዮጵያ ደንገል ሠሯት። ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ዛሬም ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ አለች። ባህር ዳር ላይ መንገደኛ አቁመሽ ብትጠይቂ ይህን የሚያውቅ ስንት ታገኛለሽ? ኖርዌይ፣ ሞሮኮ፣ ቦሊቪያ፣ ቻድ፣ ባርቤዶስ፤ አምስት አገር በአንድ የጣና ሣር ተገናኝተዋል። ለኃላፊሽ አምስት ቁጥር ካስፈለጋቸው ይኸውላቸው።

ቀልዱን ትቼ፣ ለሙዚየሙ የምትጽፊው ደብዳቤ አጭር ነው። «ጀልባችሁ የተሠራችበት ተክል የሚበቅለው እዚህ ነው። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ስለ እናንተ ጀልባ ለልጆቻችን ማሳየት እንፈልጋለን፤ ፎቶግራፎቹን ለኤግዚቢሽን ትሰጡናላችሁ? እኛ ደግሞ ታንኳ አሠራሩን ከሥር ከመሠረቱ ቀርጸን እንልካለን።» ከዚያ ቪዲዮው ይቀረጻል። አዛውንቱ ደንገሉን አጭደው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ፣ ሲያደርቁ፣ በገመድ ጠፍረው ሲያስሩ፣ ጫፉን ወደ ላይ ሲያቀኑት። ለዚህ ጥሩ ስልክና ትዕግሥት ይበቃል።

ግን ሰዎቹ እነማን ናቸው? የታንኳ ሥራው ባለቤቶች የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ሐይቁን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ከከተማዋ ዕድገት ግን ከማንም ያነሰ ደርሷቸዋል። ደንገሉም ከዳርቻው እየራቀ ነው። እነሱን ለሰልፍ ማሳመሪያ ጠርቶ፣ ቲሸርት አልብሶ፣ ምሳ አብልቶ መሸኘት ነውር ነው። በአስተማሪነት ይጠሩ። ይከፈላቸው። ስማቸው ቪዲዮው ላይ ይጻፍ። እንግዳው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ባይጠይቅም እኛ ልናስብበት ይገባል።

የእህት ከተማ ነገር ከላይ ሳይሆን ከሰው እንደሚጀምር ከፈለግሽ ወደ ጦርነቱ ዘመን ሂጂ። የእንግሊዟ ኮቨንትሪ በቦምብ ፈርሳ ነበር። የሶቪየቷ ስታሊንግራድም ፍርስራሽ ሆና ነበር። የኮቨንትሪ ሴቶች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ አዋጡ፤ የእያንዳንዷ ስም የተጠለፈበት የጠረጴዛ ልብስ ሠርተው ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሁለቱ ከተሞች እህትማማች ሆኑ። እኛም አገር የጸኑት ምክንያት ያላቸው ናቸው። አዲስ አበባና የኮሪያዋ ቹንቾን በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ደም አላቸው፤ እዚያ የዘማቾቹ መታሰቢያ ቆሟል። ጎንደርና የእስራኤሏ ሪሾን ለጽዮን ቤተ እስራኤላውያን አሏቸው። ጎንደርና በአሜሪካ የኦሪገን ግዛቷ ኮርቫሊስ ደግሞ የንጹሕ ውኃ ሥራ አላቸው፤ የኮርቫሊስ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ያሰባስባሉ። ማኅበሩ የከተማው ምክር ቤት ስለተቀየረ አይፈርስም።

የጸጥታውን ጥያቄ አልዘለልኩትም። አትሸፋፍኚው። የብዙ አገራት ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይሄዱ ያስጠነቅቃሉ፤ ደብዳቤሽን የሚያነበው ሰው ይህን በግማሽ ደቂቃ ያየዋል። «ከተማችን ፍጹም ሰላም ናት» ብለሽ ብትጽፊ ከዚያ በኋላ የምትጽፊውንም አያምንሽም። ይልቅ እንዲህ በይ፦ «አሁን እንግዳ መቀበል ይከብደናል። በዚህ ዓመት በኢንተርኔት እንሥራ። ሲቻል አዲስ አበባ ወይም ኪሱሙ እንገናኝ።» በአስቸጋሪ ጊዜ የተጀመረ ወዳጅነት ዋጋው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየም ታስታውሻለሽ። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ፣ ሲጠፋ የሚተካሽ አንድ ሰው አስመዝግቢ። ሰዎቹ ኢሜይል ልከው መልስ ሲያጡ ንቀት እንዳይመስላቸው።

ዳያስፖራውን እለፊው ማለቴ አይደለም፤ ግን በጥንቃቄ። ገንዘብም እውቀትም አለው። ፖለቲካውም አብሮ አለ። ግንኙነቱን በአንድ ማኅበር ጀርባ ላይ ብቻ ከጫንሽው ማኅበሩ በተከፈለ ቀን ይከፈላል።

እንግዳ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ትንንሹ ነገር ነው የሚያዋርደው። አንዱን ልንገርሽ። ልዑክ ሲመጣ በጀልባ ገዳም ማሳየት ደንብ ሆኗል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። የልዑኩ መሪ ሴት ከንቲባ ብትሆንስ? ጀልባው ላይ ተቀምጣ የራሷን ልዑካን ስትጠብቅ አስቢው። ቀድመሽ እወቂና ወደ ዘጌ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰጃት፤ እዚያ ሴትም ትገባለች፣ ሥዕሉም ያስደንቃል፣ በጫካው መካከል የሚበቅለውን ቡናም ታያለች። ስጦታውም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፎቶ በትልቅ ፍሬም አይሁን። ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ሆቴል ጥለውት ይሄዳሉ። የዘጌ ቡና ይበቃል።

የቢሮው ሥራ ላይ ሁለት ነገር አጥብቂ። አንደኛ፣ ኢሜይሉ የመሥሪያ ቤቱ ይሁን እንጂ የግልሽ አይሁን። ነገ ትዛወሪያለሽ። የተጻጻፍሽው ሁሉ አብሮሽ ከሄደ ከተማዋ ከዜሮ ትጀምራለች። ሁለተኛ፣ ፋይሉ በሦስት ቦታ ይኑር፤ በእናንተ ዘንድ፣ በዩኒቨርሲቲው፣ በአንድ የሲቪክ ማኅበር ዘንድ። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲጻጻፍ የኖረ ልምድ አለው፤ መምህራኑ ብዙዎቹ ውጭ ተምረው የመጡ ናቸው፤ የሚያውቋቸውን ከተሞች ዝርዝር ስጡኝ ብትያቸው የአንድ ሳምንት ሥራ ይቀንስልሻል። ማኅበሩ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ መሠረት የተመዘገበ ይሁን፤ ከውጭ ድጋፍ ቢመጣ በሕጋዊ መንገድ ይቀበላል፣ ሒሳቡንም ያስመረምራል። እናንተ ገንዘቡን ባትነኩት ይሻላል። ከሐሜትም ከኦዲትም ያድናል።

ኃላፊሽን በተመለከተ፣ ቁጥሩን ፊት ለፊት አትቃወሚ። ዕቅዱ ከገባ ገብቷል። «አምስት ከተማ» የሚለውን «ከአምስት ከተሞች ጋር መጻጻፍ፣ ከአንዷ ጋር ሥራ መጀመር» ብለሽ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አስተካክለሽ አቅርቢ። ክሊቭላንድ፣ ኪሱሙ፣ የኦስሎው ሙዚየም፣ ሳፊ፣ ከቲቲካካ ዳር ደግሞ አንድ የጀልባ ሠሪዎች መንደር። አምስት ሞላ። ከእነዚህ ቀድማ የመለሰችውን ያዢ። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ መልስ ካላገኘሽ ደግመሽ ጻፊ፤ ከዚያም በኤምባሲ በኩል ስልክ አስደውይ። የክሊቭላንዱን ፋይል ግን ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ከሌለም አልተገኘም የሚል ወረቀት በፊርማ ተቀበያቸው፤ አንዳንዴ ያ ወረቀት ሲጠየቅ ነው ፋይሉ የሚገኘው።